ፊልምና እውነት

ፊልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? በፊልም የሚታየው ሁሉ በእርግጥ የተደረገ ነውን? አንድ ፊልም ወስደን እንመልከት።

የፊልሙ ስም «ዳርከስት አወር» ነው። «እጅግ የጨለመ ሰዓት» ማለት ነው። በሲኒማ ቤት መታየት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ስለ እንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ዊንስተን ቸርችል ነው። ቸርችል ሥልጣን የያዘው ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. ነበር። ወዲያው የእንግሊዝ ጦር ደንከርክ በሚባል የፈረንሳይ ወደብ በጀርመን ጦር ተከበበ። አገሪቱ ጭንቅ ላይ ወደቀች።

ቸርችልን ሆኖ የተጫወተው ጋሪ ኦልድማን ነው። ቸርችል ወፍራም ሽማግሌ ነበር። ኦልድማን ግን ቀጭን ነው። ታዲያ እንዴት መሰለው? ያስመሰለው ካዙሂሮ ጹጂ የሚባል የጃፓን ተወላጅ ባለሙያ ነው። ጹጂ የፊልም ሥራ ትቶ የሰው ምስል ይቀርጽ ነበር። ኦልድማን ለምኖ መለሰው። ኦልድማን ራሱን ተላጨ። ጹጂም ጎማ ከሚመስል ለስላሳ ነገር ጉንጭና አገጭ ሠርቶ ፊቱ ላይ ለጠፈለት። ሥራው በየቀኑ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ሲደመር ከ200 ሰዓት በላይ ሆነ። ቸርችል ሲጋር አጫሽ ስለነበር ኦልድማንም ደጋግሞ አጨሰ። በዚህም ሆዱን ታመመ። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱም ኦስካር የሚባለውን ሽልማት አገኙ።

መልኩ እንዲህ ተሠራ። ታሪኩስ? በፊልሙ ውስጥ ቸርችል ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር ይሳፈራል። ተሳፋሪዎቹን «እንዋጋ ወይስ እንታረቅ?» እያለ ይጠይቃል። እነሱም እንዋጋ ይላሉ። ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን ይህ አልተደረገም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የፈጠሩት ነው።

እውነተኛው ክርክር የተካሄደው ከግንቦት 18 እስከ 20 ቀን 1932 ዓ.ም. በጥቂት ሚኒስትሮች መካከል፣ በር ተዘግቶ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በኢጣልያ አማላጅነት እርቅ ይሞከር አለ። ቸርችል እምቢ አለ። የቸርችል ሐሳብ አሸነፈ። እስከ ግንቦት 27 ቀን ድረስም ከ338 ሺህ በላይ ወታደሮች በመርከብና በጀልባ ከደንከርክ ወጡ።

ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ግን ሕዝቡ ተጠይቆ የተወሰነ ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ገበሬ ፍሬውን ከገለባው ይለያል። ማንበብ የቻለ ሰውም እንዲሁ ያየውን ካነበበው ጋር ያመሳክራል።

ጥያቄዎች
1. ኦልድማን ቸርችልን እንዴት መሰለ?
2. በፊልሙ ውስጥ ያልተደረገው ነገር የትኛው ነው?
3. እውነተኛው ክርክር በእነማን መካከል ነበር?