የድርሰት ዘመንና የኅትመት ዘመን፦ የቼን ሺን የታይጂኳን መጽሐፍ

አንድ መጽሐፍ የታተመበትን ዓመት የተደረሰበት ዓመት አድርጎ መውሰድ በጥናት ሥራ የተለመደ ነው። ልማዱ የሐሳቦችን ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚያዛባ ለማሳየት ይህ አጭር ጽሑፍ «የቼን ቤተሰብ ታይጂኳን ሥዕላዊ ማብራሪያ» የተሰኘውን የቻይና የማርሻል አርት መጽሐፍ የኅትመት ታሪክ ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደራሲው ቼን ሺን በ1849 የተወለደ፣ በሄናን ክፍለ ሀገር የምትገኘው የቼንጂያጎው መንደር ሰው ነው። ታይጂኳን በመንደሩ ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በተግባር ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነበር። ቼን ሺን ይህን ጥበብ በጽሑፍ ለማኖር በ1908 ሥራውን ጀምሮ በ1919 ፈጸመ። የእንቅስቃሴዎቹን አቋም በሥዕል አሳየ፤ ኃይል በሰውነት ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚያልፍበትን መንገድ ከሐር መፍተል ጋር አነጻጸረ፤ መሠረተ ሐሳቡንም «የለውጦች መጽሐፍ» በሚባለው ጥንታዊ ድርሰት አስረዳ። ይሁን እንጂ ማሳተሚያ ገንዘብ አላገኘም። በ1929 ሲሞት ድርሰቱ ገና የእጅ ጽሑፍ ነበር። በዘመዶቹ እጅ ቆይቶ በካይፌንግ ከተማ የታተመው በ1933 ነው።

ድርሰቱ ኅትመትን በጠበቀባቸው 14 ዓመታት ሌሎች መጻሕፍት ቀደሙት። የሱን ሉታንግ በ1921፣ የያንግ ቼንግፉ በ1931፣ ከዚያው መንደር የሆነው የቼን ዚሚንግ ደግሞ በ1932 ታተሙ። በኅትመት ዓመት ብቻ የሚመራ አንባቢ ቼን ሺንን ከእነዚህ ሁሉ ኋላ የመጣ ጸሐፊ ያደርገዋል።

የስሕተቱ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው የታይጂኳን መነሻ በሚያከራክርበት ቦታ ነው። ቼን ሺን በ1919 በጻፈው መቅድም ጥበቡን ለልጆቹ ያስተማረው የቤተሰቡ ቀዳሚ አባት ቼን ቡ እንደሆነ ይገልጻል፤ ዘመኑንም 1374 ያደርገዋል። የታሪክ ተመራማሪው ታንግ ሃው በበኩሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ መንደሩ ሄዶ የቤተሰቡን የትውልድ መዝገብ ከመረመረ በኋላ፣ ጥበቡ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው በቼን ዋንግቲንግ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። 1933ን የድርሰቱ ዘመን አድርጎ ለሚወስድ ሰው የቼን ሺን ቃል ለታንግ ሃው የተሰጠ መልስ ሊመስለው ይችላል። መቅድሙ ግን ከታንግ ሃው ጥናት አስቀድሞ የተጻፈ፣ የቤተሰቡን ትውፊት የሚያስተጋባ ምስክርነት ነው። ቀዳሚነቱ ትውፊቱን እውነት አያደርገውም፤ ከክርክሩ በፊት በመንደሩ ምን ይነገር እንደነበረ ግን ያስረዳል።

በሌላ በኩል 1919ን ብቻ መያዝም አይበቃም። ደራሲው ካለፈ በኋላ የታተመ መጽሐፍ በሌሎች እጅ ተሰናድቶ የሚወጣ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ የታተመ ቃል በ1919 እንደተጻፈ ያለ ማስረጃ መቀበል አይገባም። የራሱ ቀን ያለው መቅድም በቀኑ ሊጠቀስ ይችላል፤ ቀን የሌለው ክፍል ግን ከእጅ ጽሑፍ ጋር እስኪተያይ ድረስ በ1919 እና በ1933 መካከል ተይዞ መቆየት አለበት።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚጠቅስ ተማሪ ሁለቱንም ዘመናት ለይቶ ይመዝግብ። የድርሰቱ ዘመን ደራሲው ምን ያውቅ እንደነበረ ያመለክታል፤ የኅትመቱ ዘመን ደግሞ ሕዝብ መቼ ሊያነበው እንደቻለ።