የዐሣማ ኮሶ ትልና የእጅ ንጽሕና

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ዐሣማ ከማይበሉ እንስሳት ጋር ተቈጥሯል። የቤተ ክርስቲያናችንም ልጆች ይህን ሥርዐት ከአባቶቻቸው ተቀብለው ሲጠብቁ ኖረዋል። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ አርእስት የሚያይ ሰው፥ «ይህ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የዐሣማ ኮሶ ትል በሰው ላይ የሚያመጣው ጕዳት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ሥጋውን በመብላት ይገኛል፤ ሁለተኛውና የከፋው ግን ዐሣማ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር ይይዛል።

አስቀድመን የትሉን አካል እንመልከት። ይህ ትል በሰው ቀጭን አንጀት ውስጥ የሚኖር፥ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋና ነጭ የሆነ ፍጥረት ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ሜትር ይደርሳል፤ ራሱ ግን ከስፒል ራስ የማይበልጥ ነው። በዚህ ትንሽ ራስ ላይ 4 መምጠጫዎችና በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ከ22 እስከ 32 የሚሆኑ መንጠቆዎች አሉ፤ በእነዚህም የአንጀትን ግድግዳ ይዞ ይጣበቃል። አፍም ሆድም የለውም፤ ሰውየው በልቶ የፈጨውን ምግብ በገላው ሁሉ ይስባል። ከአንገቱ አዳዲስ አንጓዎች ዘወትር ይበቅላሉ፤ ቍጥራቸውም እስከ 1,000 ይደርሳል። በጅራቱ በኩል ያሉት የጎለመሱ አንጓዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ያህል እንቍላል ተሸክመው እየተቈረጡ ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። ትሉ ቢቈረጥም ራሱ ከቀረ እንደ ገና ያድጋል።

ዐሣማ በሜዳ የተጣለውን የሰው ዐይነ ምድር ሲበላ እንቍላሉን ይውጣል። ከእንቍላሉ የሚፈለፈለውም በደም አማካይነት ወደ ሥጋው ሄዶ ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ያን ሥጋ በሚገባ ሳይበስል የበላ ሰው ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል። ፍሪድሪክ ኩሽንማይስተር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. ይህን በሙከራ አሳይቷል፤ ሞት ለተፈረደበት እስረኛ ከረጢቶቹን በምግብ ውስጥ አግብቶ ከሰጠው በኋላ፥ አስከሬኑን መርምሮ ትሎቹን በአንጀቱ አገኘ። ሰውን ሳያስፈቅዱ እንዲህ ማድረግ የሚነቀፍ ነው፤ የበሽታው መንገድ ግን በዚያ ታወቀ።

በአገራችን እጅግ የታወቀው ኮሶ የከብት ነው፤ የሚገኘውም ጥሬ የከብት ሥጋ ከመብላት ነው። አባቶቻችን የኮሶን አበባ እየጠጡ ያስወጡት ነበር። የዚህ ትል እንቍላል በሰው ሥጋ ውስጥ ከረጢት ስለማይሆን፥ ኮሶን እንደ ቀላል ነገር መቍጠር ልማድ ሆኖብናል። ይህ ልማድ ግን ስለ ዐሣማው ትል ስናስብ ያስተናል።

የዐሣማው ትል እንቍላል በሰው አፍ የገባ እንደ ሆነ፥ በዐሣማው ሥጋ የሚሠራውን በሰውም ላይ ይሠራል። ከረጢቱ በጡንቻ፥ በቈዳ ሥር፥ በዐይንና በአንጎል ይቀመጣል። በአንጎል ሲቀመጥ ጽኑ ራስ ምታትና የሚጥል በሽታ ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ትሉ በተስፋፋባቸው ብዙ አገሮች ከሚጥል በሽታ ሕሙማን 30 በመቶ ያህሉ የተያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

እንቍላሉ የሚገባውም በእጅ፥ በውሃና ባልታጠበ አትክልት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ፥ የዐሣማ ሥጋ ከቶ በማይበሉ አይሁድ መካከል፥ አራት ሰዎች በዚህ የአንጎል በሽታ ተይዘው ተገኙ፤ ነገሩም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. በሐኪሞች መጽሔት ታተመ። በየቤታቸው ትሉ ከሚገኝባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሲመረመሩም በአንዱ ሰው አንጀት የኮሶ ትል ተገኘ። ያም ሰው ክፉ አላሰበም፤ ትሉ በውስጡ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነውና። እነዚያም ሕጋቸውን አላፈረሱም። የጐደለው የእጅ ንጽሕና ነበር።

እንግዲህ ሕመም የሚጥለውን ሰው ስናይ፥ ርኩስ መንፈስ ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኵል፤ በአንጎሉ ውስጥ የተቀመጠ ሥጋዊ ምክንያት ሊኖር ይችላልና። ከእርሱም መሸሽና ማዕድ መለየት ኀጢአት ነው፤ መጣሉ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንዲገባ ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ። ካህናት አባቶቻችን ለሕሙማኑ ሲጸልዩ፥ ሐኪም የሰጣቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ ቢመክሯቸው ነፍስ ያድናሉ።

በማኅበር ጽዋና በዝክር ድግስ ብዙ እጅ አንድ ማዕድ ያዘጋጃል። ስለዚህ ከመፀዳጃ ስንመለስ፥ ምግብ ከመሥራታችንና ሕፃናትን ከማጕረሳችን በፊት በሳሙና እንታጠብ። አትክልቱን በንጹሕ ውሃ እንጠብ፤ ሥጋውን በሚገባ እናብስል፤ ለቤታችንና ለደብራችን መፀዳጃ እንሥራ። ከዐይነ ምድሩ ጋር እንደ ጥብጣብ ያለ ነጭ ነገር ሲወጣ ያየ ሰው ሳያፍር ወደ ሐኪም ይሂድ። መድኃኒቱንም በግምት አይውሰድ፤ ከረጢት በአንጎሉ ያለበትን ሰው ያለ ምርመራ የተወሰደ መድኃኒት ሊጥለው ይችላልና።

ከምግብ መከልከል የሚጠብቀን ከምንበላው ነገር ነው፤ ባልንጀራችንን ከእጃችን ጕዳት የሚጠብቀው ግን መታጠባችን ነው። እጁን ታጥቦ ለወንድሙ እንጀራ የሚያቀርብ ሰው፥ ውሃና ሳሙናው ራሱ የፍቅር ሥራ ሆኖ ይቈጠርለታል።