የፕራግ አስጎብኚዎች ሥራ እንደ ንግድ ሲመረመር

የቼክ ሪፑብሊክ ዋና ከተማ ፕራግ ቭልታቫ በተባለው ወንዝ ግራና ቀኝ የተቈረቈረች ጥንታዊት ከተማ ናት። በአደባባይዋ ለመቆም፣ በድንጋይ ድልድይዋ ለመሻገር፣ ከወንዙ ማዶ ሆኖ የቤተ መንግሥቷን ግንብ ለመመልከት ማንም ዋጋ አይጠየቅም። ሆኖም በየዓመቱ እጅግ ብዙ መንገደኞች ይህንኑ በነፃ የሚታየውን ነገር አንድ ሰው ፊት ፊታቸው እየሄደ እንዲያሳያቸው ገንዘብ ይከፍላሉ። የንግድ ሰው ይህን ሲሰማ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ገበያ የሚሸጠው ዕቃ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ድንጋዩና ወንዙ የአስጎብኚው አይደሉምና ሊሸጣቸው አይችልም። እርሱ የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለእንግዳው የሚያተርፍለት ጊዜ ነው፤ መንገዱን የማያውቅ ሰው በሁለት ቀን የማይጨርሰውን በሦስት ሰዓት ያሳየዋል። ሁለተኛው የሚታመን ትረካ ነው። ጨርቅ የሚገዛ ሰው በጣቱ ዳስሶ፣ ቡና የሚገዛም ቀምሶና አሽትቶ ዋጋውን ይቈርጣል። ጉብኝት የሚገዛ እንግዳ ግን ዕቃውን አስቀድሞ ሊመዝነው አይችልም፤ የተነገረው እውነት ይሁን ሐሰት ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ የዚህ ንግድ መሠረቱ አመኔታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ንግዱ በምን እንደሚለማና በምን እንደሚበላሽ ከፕራግ ምሳሌ መመርመር ለማንኛውም ባለ ሱቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው የእግር ጉብኝት የሚጀመረው ከአሮጌው ከተማ አደባባይ ነው። በዚያ በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ የሚያመለክት፣ በ1410 ዓ.ም. የተሠራ ታላቅ ሰዓት አለ። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ ሰዓቱ በሞላ ቍጥር ከላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ይከፈቱና የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምስሎች ተራ በተራ ያልፋሉ፤ የሞት ምሳሌ የሆነው ዐፅም ደወሉን ይስባል፤ በመጨረሻም ዶሮው ይጮኻል። ነገሩ ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማያልፍ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ እንግዶቹን ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አምጥቶ ያቆማቸዋል፤ በዚያች ጥቂት ጊዜም ታሪኩን ይነግራቸዋል። ይህ ሱቁን በገበያ ቀን ጧት ከሚከፍት ነጋዴ ብልሃት የሚለይ አይደለም።

የሚነገረው ታሪክ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ለብዙ ዘመን ሰዓቱን የሠራው ሐኑሽ የተባለ ሊቅ እንደ ሆነ፣ የከተማይቱ ሹማምንትም ለሌላ ከተማ እንዳይሠራ ብለው ዐይኑን እንዳሳወሩት ይነገር ነበር። አፈ ታሪኩ እጅግ ያምራል፤ እንግዳው ሁሉ በጥሞና ይሰማዋል። ይሁን እንጂ በ20ኛው መቶ ዓመት የተገኘ ሰነድ እንዳስረዳው፣ ሰዓቱን የሠራው የካዳኙ ሚኩላሽ የተባለ ባለ እጅ ነው፤ በስሌቱ የረዳውም ያን ሺንደል የተባለ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ዐይኑን የጠፋ ሰው በዚህ ውስጥ የለም።

ከአደባባዩ ወደ ወንዙ ሲወረድ የካርል ድልድይ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ በ1357 ዓ.ም. ያስጀመረው ይህ ድልድይ 516 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው 16 ቅስቶች አሉት፤ በግራና በቀኝ 30 ሐውልቶች ቆመውበታል። አስጎብኚዎች በዚህ ስፍራ መናገር የሚወዱት የቍጥር ጨዋታ አለ። የመሠረቱ ድንጋይ የተጣለው በ1357 ዓ.ም. በ9ኛው ቀን፣ በ7ኛው ወር፣ በአውሮፓ አነጋገር በ5 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ነው ይላሉ፤ ቍጥሮቹ ሲደረደሩም 1፣3፣5፣7፣9፣7፣5፣3፣1 ሆነው ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ዓመቱ የታወቀ ነው፤ የሰዓቱና የደቂቃው ነገር ግን የኋላ ዘመን ሰዎች በስሌት የደረሱበት ግምት እንጂ በዘመኑ የተጻፈ መዝገብ አይደለም።

በድልድዩ ላይ ከቆሙት ሐውልቶች ይልቅ ሕዝብ የሚከበው የቅዱስ ዮሐንስ ዘኔፖሙክ ሐውልት ነው፤ የተተከለው በ1683 ዓ.ም. ነው። እርሱ በ1393 ዓ.ም. በንጉሥ ቫስላቭ 4ኛ ትእዛዝ ወደ ወንዙ ተጥሎ የሞተ ካህን ነው። ሕዝቡ የሚናገረው የንግሥቲቱን ኑዛዜ አላወጣም በማለቱ ተገደለ ብሎ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ምክንያቱ በንጉሡና በሊቀ ጳጳሱ መካከል ስለ አንድ ገዳም ሹመት የተነሣው ጠብ መሆኑን ይገልጻሉ። ከሐውልቱ በታች ያለውን የነሐስ ምስል መንገደኛው ሁሉ ለመልካም ዕድል ብሎ ስለሚዳስሰው እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ማንሣት ያስፈለገው ደኅናው አስጎብኚ ከመጥፎው የሚለየው በዚህ ስለሆነ ነው። አፈ ታሪክ መናገር ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ያለ እርሱ ጉብኝቱ ደረቅ ይሆናል። ደኅናው አስጎብኚ ግን «ሕዝቡ እንዲህ ይላል፤ ሰነዱ ደግሞ እንዲህ ይላል» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ያቀርባል። አፈ ታሪኩን እንደ ታሪክ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ግን የተቀላቀለውን ቅቤ ንጹሕ ነው ብሎ ከሚመዝን ባለ ሱቅ አይሻልም። የሚገርመውም፣ እንግዶች ሁለቱን ለይቶ የነገራቸውን ሰው ይበልጥ ማመናቸው ነው።

ከድልድዩ ማዶ ያለው የቤተ መንግሥቱ ግቢ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል። በውስጡ ያለው የቅዱስ ቪት ካቴድራል በ1344 ዓ.ም. ተጀምሮ የተፈጸመው በ1929 ዓ.ም. ነው። ወደ ሕንጻዎቹ ውስጥ ለመግባት ቲኬት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ርካሹ ጉብኝት በውጭ ብቻ ተመልክቶ ይመለሳል። እንግዳው ይህን አስቀድሞ ካልጠየቀ ቅር ይለዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ መግባት ይገባል። የጉብኝት ንግድ በፕራግ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ዋጋው አስቀድሞ የተቈረጠ የማኅበር ጉብኝት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ድርጅት አስጎብኚውን ለብቻው በሰዓት የሚቀጥርበት ነው። እነዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። በወንዙ ላይ በጀልባ የሚደረገውም ጉብኝት ከመጀመሪያው ወገን የሚቈጠር ነው። ሦስተኛው «ነፃ ጉብኝት» የሚባለው ነው፤ በእንግዳው ዘንድ ዋጋ የሌለው ይመስላል፤ ሲጨርስ ግን የወደደውን ያህል ጕርሻ ለአስጎብኚው ይሰጣል። እንግዳው ብዙ ጊዜ የማያውቀው ነገር፣ በአንዳንዶቹ ድርጅቶች አስጎብኚው ራሱ ስለ እያንዳንዱ እንግዳ ለድርጅቱ የሚከፍለው ገንዘብ መኖሩን ነው።

ለመረዳት እንዲመች በምሳሌ እናስላው፤ ቍጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተሰጡ ናቸው። አንድ አስጎብኚ 25 እንግዶች ይዞ ተነሣ፤ ለድርጅቱም በነፍስ ወከፍ 3 ዩሮ ይከፍላል እንበል። ያለበት ዕዳ 75 ዩሮ ነው። ሁሉም እስከ መጨረሻው ቆይተው 5 ዩሮ ቢሰጡት 125 ዩሮ ሰብስቦ 50 ዩሮ ያተርፋል። ነገር ግን ዝናም ቢመጣና 10ሩ በመንገድ ቢቀሩ፣ የቀሩት 15 ሰዎች የሚሰጡት 75 ዩሮ ከዕዳው ጋር እኩል ይሆናል፤ ሰውዬው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገር ውሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው ትርፉን ከሌላ ስፍራ ቢፈልግ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሌላው ስፍራ ደግሞ ሱቁ ነው። አስጎብኚው እንግዶቹን ወደ አንድ ምግብ ቤት ወይም ወደ አንድ የጌጥ መደብር ይወስድና ከሽያጩ ኮሚሲዮን ይቀበላል። የድለላ ዋጋ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ንግድ ውስጥ የኖረ ነው። ክፉ የሚሆነው ደላላው ደላላ መሆኑ ሲሸሸግ ነው። እንግዳው አስጎብኚውን እንደ መምህር አድርጎ ሲሰማው ቆይቶአል፤ «ምሳ እዚህ ይሻላል» የሚለውንም ቃል ስለ ድልድዩ እንደ ተነገረው ቃል አድርጎ ያምነዋል። ባለ ሱቁም የኮሚሲዮኑን ገንዘብ ከትርፉ አይቀንሰውም፤ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። በዚህ ዓይነት እንግዳው ሳያውቅ ሁለቱንም ይከፍላል።

ይህ ያመጣው ጕዳት በፕራግ ሱቆች መስኮት ላይ ይታያል። በአሮጌው ከተማ ጎዳናዎች ላይ ማትሪዮሽካ የሚባሉት፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገቡት የእንጨት አሻንጉሊቶች ተደርድረው ይሸጣሉ፤ እነዚህ ግን የሩስያ እንጂ የቼክ ሥራ አይደሉም። በእንጨት ላይ ተጠምጥሞ በፍም የሚጠበሰውና በስኳር የሚነሰነሰው ትርዴልኒክ የተባለው ኬክ የፕራግ ጥንታዊ ምግብ ነው ተብሎ ለእንግዳ ይነገራል፤ ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ዓ.ም. የትውልድ ስሙን በመዝገብ ያስጠበቀለት የትርዴልኒክ ዓይነት በስሎቫክያ የምትገኘው የስካሊጻ ከተማ ነው። በሌላ በኩል ቼኮች የሚኰሩበት እውነተኛ ሸቀጥ ሞልቶአቸዋል፤ የቦሄሚያ ብርጭቆና በቱርኖቭ ከተማ ያሉ ባለ እጆች የሚሠሩት ጋርኔት የተባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ በዓለም የታወቁ ናቸው። የጋርኔቱን ድንጋይ የሚገዛ ሰው የምስክር ወረቀት መጠየቅ ይገባዋል፤ በዚሁ ስም የሌላ አገር ድንጋይ የሚሸጥበት ጊዜ አለና። የራሱ መልካም ዕቃ ያለው ገበያ በሰው አገር ዕቃ መሞላቱ ለነጋዴ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያጠፋው የገንዘብ ምንዛሪ ነበር። አገሪቱ የራሷን ገንዘብ ኮሩናን ስለምትጠቀም መንገደኛው ሁሉ መመንዘር ይኖርበታል። አንዳንድ መንዛሪዎች «ኮሚሲዮን የለም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ይለጥፉ ነበር፤ ነገር ግን የሚሰጡት ዋጋ ከባንክ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ደኅናው ዋጋ የሚሰጠው ብዙ ገንዘብ ለሚመነዝር ብቻ መሆኑም በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ ተሻሽሎ፣ እስከ 1,000 ዩሮ የሚያህል ገንዘብ የመነዘረ ሰው በሦስት ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ውሉን እንዲያፈርስና ገንዘቡን እንዲቀበል መብት ተሰጠው። ነጋዴዎች ራሳቸው ሥርዓት ሳይዙ ሲቀሩ ሕግ በእጃቸው ላይ የሚያስቀምጠው ሸክም እንዲህ ያለ ነው፤ በቅን የሚሠሩትም መንዛሪዎች ይህንኑ ሸክም አብረው ይሸከማሉ።

ማዘጋጃ ቤቱና መንግሥቱም በጉብኝቱ ሥራ ላይ እንዲሁ እጃቸውን አስገቡ። በ2016 ዓ.ም. ሴግዌይ የሚባለው በሁለት ጎማ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና በመካከለኛው ከተማ እንዳይነዳ ተከለከለ። በ2020 ዓ.ም. አስጎብኚዎች ሁሉ የሙያ ካርድ እንዲይዙ ታዘዘ፤ ካርዱም ሁለት ዓይነት ሆኖ አንደኛው ሙያቸውን በማስረጃ ላረጋገጡት የሚሰጥ ነው። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ መንገደኞችን በሌሊት ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት እየመሩ ማዞር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት እንዳይደረግ ተወሰነ። የመጨረሻው ውሳኔ የወጣው እንቅልፍ ያጡት ነዋሪዎች ስለ ጮኹ ነው።

ነዋሪዎቹ ከዚያም በፊት ከገበያው ወጥተው ነበር። በአሮጌው ከተማ የቤት ኪራይ እየናረ ሲሄድ እህል የሚሸጠው፣ ጫማ የሚጠግነውና መጽሐፍ የሚሸጠው ነጋዴ ስፍራውን ለስጦታ ዕቃ ሻጭ እየለቀቀ ሄደ። ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ከተማ በ2019 ዓ.ም. በሆቴሎችና በማረፊያ ቤቶች ያደሩት እንግዶች ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበሩና፣ ለጊዜው የአገሩን ሰው ገበያ የሚፈልግ አልነበረም። በማርች 2020 ዓ.ም. ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሩ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የመጡት እንግዶች ቍጥር ወደ 2.2 ሚሊዮን ያህል ወረደ። አስጎብኚዎች ሥራ ፈቱ፤ ለመንገደኛ ብቻ የተከፈቱትም ሱቆች በራቸውን ዘጉ። የአሻንጉሊትና የስኳር ኬክ ደንበኛ ሊሆን የሚችል ጎረቤት አልነበራቸውም።

ማዘጋጃ ቤቱ በዚያ በጋ በከተማው ለሚያድሩ የአገሩ ሰዎች በየሙዜሙና በየጉብኝት ስፍራው የሚያስገባ ኩፖን ሰጠ። በጁን 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ደግሞ በካርል ድልድይ ላይ 500 ሜትር የሚያህል አንድ ረዥም ገበታ ተዘረጋ። የከተማው ነዋሪዎች ምግባቸውንና መጠጣቸውን ከየቤታቸው ይዘው መጥተው ከማያውቁት ጎረቤታቸው ጋር እየተቃመሱ በሉ፤ ከመካከላቸውም በዚያ ድልድይ ላይ ሳይረግጡ ብዙ ዓመት የቈዩ ነበሩ።