የቃላት ሥር፣ የማስተዋል በር

ለካቴኪስቶች፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደተጻፈው፣ ከኢየሩሳሌም ይመለስ የነበረው ኢትዮጵያዊ ባለ ሥልጣን በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውየው ማንበብ አላቃተውም፤ የጎደለው የሚመራው ሰው ብቻ ነበር። ይህ የፊልጶስ ጥያቄ ዛሬም በየትምህርት ክፍላችን ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

በጋምቤላ ክልል የሚማር ልጅ በቤቱ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ መዠንግርኛ ወይም ሌላ የአካባቢውን ቋንቋ ይናገራል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከግዕዝ፣ ከግሪክና ከላቲን የተወረሱ ቃላት ይጠብቁታል። ስለዚህ ልጁ ይሸመድዳል፤ ቃሉን በአፉ ይዞ ፍቺውን በልቡ ሳይጨብጥ ይቀራል። በትምህርት ቤት ፈተናው ይከብደዋል፤ በእምነቱም የሚደግመው ጸሎት የሌላ ሰው ንግግር ሆኖ ይቀርበታል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት አንድ ቀላል መንገድ አለ። በቤተ ክርስቲያን የምንሰማቸውና በትምህርት ቤት የምናገኛቸው ብዙዎቹ ከባድ ቃላት ከጥቂት ሥሮች የበቀሉ ናቸው። ሥሩን ያወቀ ተማሪ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም።

1. እነዚህ ቃላት እንዴት ወደ እኛ መጡ?

ግሪክኛ ለአገራችን እንግዳ ቋንቋ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛና በግዕዝ ይነበባል። በአክሱም ዘመን በተሠሩ ብዙ ሳንቲሞች ላይም የግሪክ ፊደል ይታያል። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግዕዝ በተተረጐመ ጊዜ ተርጓሚዎቹ ከግሪክኛው ቅጂ ስለ ሠሩ፣ ብዙ የግሪክ ቃላት በዚያው ገቡ።

ለዚህ ፊደላችን ራሱ ምስክር ነው። «ጰ» እና «ፐ» የተባሉት ፊደላት በግዕዝ ውስጥ በአብዛኛው የሚያገለግሉት ከውጭ፣ በተለይም ከግሪክ ለመጡ ቃላት ነው። ጳጳስ፣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ጰራቅሊጦስ፣ ጰንጠቆስጤ፣ ጴጥሮስ የሚሉትን እንመልከት። እንግዲህ ተማሪ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ውስጥ «ጰ»ን ሲያገኝ፣ «ይህ ቃል ከግሪክ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጠይቅ።

የላቲን ቃላት ግን በሌላ በር ገብተዋል። ላቲን የሮማ ሥርዓት የአምልኮና የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ለረጅም ዘመን ስላገለገለ፣ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ስያሜዎች ብዙዎቹ ከእርሱ የተወሰዱ ናቸው። የአውሮፓ የሳይንስና የንግድ ቃላትም ከላቲንና ከግሪክ ተቀድተው በትምህርት ቤት በኩል ደርሰውናል።

2. ከግሪክ የተገኙ ሥሮች

«ኤው» ማለት መልካም ማለት ነው። «አንጌሊያ» ደግሞ መልእክት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው ወንጌል የሚለውን ቃል ሰጥተውናል፤ ፍቺውም መልካም ዜና ነው። መልእክተኛው «አንጌሎስ» ሲባል፣ በእንግሊዝኛ መልአክ የሚጠራበት ስም ከዚሁ የመጣ ነው። የጋምቤላ የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ቪካር የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉት የአቡነ አንጀሎ ሞሬስኪ ስምም ከዚሁ ሥር ነው። «ኤው» የሚለው ቃል ዩካሪስት በሚለው ውስጥም ይገኛል፤ «ካሪስ» ጸጋ ወይም ምስጋና ስለ ሆነ፣ ዩካሪስት ማለት ምስጋና ማቅረብ ነው። በግዕዝም ይህ ጸሎት «አኰቴተ ቍርባን» መባሉ ተመሳሳይ ነው፤ አኰቴት ምስጋና ነውና።

«ኤፒ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች ማለት ነው። ኤጲስ ቆጶስ እንግዲህ መንጋውን ከላይ ሆኖ የሚመለከትና የሚጠብቅ ነው። ይኸው ሥር በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ማይክሮስኮፕ ትንሹን፣ ቴሌስኮፕ ሩቁን ለማየት ያገለግላሉ። ሐኪሙ በደረታችን ላይ የሚያሳርፈው ስቴቶስኮፕም «ስቴቶስ» ማለትም ደረት ከሚለው ቃል ጋር የተጣመረ ነው። «ቴሌ» ሩቅ መሆኑን ያወቀ ተማሪ፣ «ፎኔ» ድምፅ መሆኑ ሲነገረው ቴሌፎን የሚለውን በራሱ ይፈታዋል።

«ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ ነው። ሲኖዶስ ማለት አብሮ መጓዝ ማለት ነው። ከ2021 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. መላዋ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሲኖዶሳዊነት ስትመክር የነበረችው በዚህ አሳብ ነው። «ኤክስ» ከውስጥ ወደ ውጭ ማለት ስለ ሆነ ኤክሶዶስ የመውጫ መንገድ ይሆናል፤ የእኛ አባቶችም «ወጽአ» ከሚለው ግስ ዘጸአት ብለውታል።

«ፔትራ» ዐለት ነው። ጴጥሮስ የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ሲሆን፣ ፔትሮሊየም ደግሞ ዐለትን ዘይት ከሚለው የላቲን ቃል «ኦሌዩም» ጋር አጣምሮ «የዐለት ዘይት» ይላል። በጋምቤላ ምድር በተለያዩ ጊዜያት ነዳጅ ሲፈለግ መኖሩን የሰማ ልጅ፣ ይህን ቃል ከመጀመሪያው ሐዋርያ ስም ጋር አያይዞ በቀላሉ ያስታውሰዋል።

«ፊሎስ» ወዳጅ፣ «ሂፖስ» ፈረስ፣ «ፖታሞስ» ወንዝ ነው። በመግቢያችን ያነሣነው ፊልጶስ እንግዲህ «ፈረስ ወዳድ» ማለት ነው። በባሮ ዳር ያደገ ልጅ የሚያውቀው ጉማሬ በእንግሊዝኛ ሂፖፖታመስ ይባላል፤ የወንዝ ፈረስ ማለት ነው። «ሜሶስ» መካከል ስለ ሆነ፣ በታሪክ መጽሐፍ የምናገኘው ሜሶፖታሚያ በወንዞች መካከል ያለ አገር ነው። በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ መካከል ለሚኖር ተማሪ ይህን ለማስረዳት ካርታ እንኳ አያስፈልግም።

3. ከላቲን የተገኙ ሥሮች

«ሚቴሬ» መላክ፣ «ሚሱስ» የተላከ ማለት ነው። ሚሲዮንና ሚሲዮናዊ ከዚህ መጡ። የቅዳሴ የላቲን ስም «ሚሳ» የተወሰደውም ሕዝቡ በመጨረሻ ከሚሰናበትበት ቃል ነው፤ ቅዳሴ የተካፈለ ሁሉ ወደ ኑሮው የተላከ ነው። በግሪክም «አፖስቶሎስ» የተላከ ማለት ሲሆን፣ በግዕዝ ሐዋርያ የሚለው ቃል «ሖረ» ማለትም ሄደ ከሚለው ግስ ይወጣል። ግሪክ መላኩን፣ ግዕዝ መሄዱን ነገሩን፤ ሁለቱም አንድ ሥራ ናቸው።

«ቪካሪዩስ» ማለት በሌላው ቦታ ሆኖ የሚሠራ ነው። ጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ2000 ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ፣ በ2009 ደግሞ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሆናለች። ሐዋርያዊ ቪካር በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ሕዝቡን የሚጠብቅ መሆኑን ምእመናን ከስሙ ሊረዱ ይችላሉ።

«ፖርታሬ» መሸከም ነው። «ትራንስ» ወዲያ ማዶ ስለ ሆነ ትራንስፖርት አሻግሮ ማድረስ፣ ኤክስፖርት ወደ ውጭ ማውጣት፣ ኢምፖርት ወደ ውስጥ ማስገባት ይሆናል። የጋምቤላ ከተማ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ቡና ወደ ሱዳን ይወጣ፣ ሸቀጥም ይገባ ነበር። ኤክስፖርትና ኢምፖርት ለከተማችን ከመጽሐፍ በፊት በወንዙ ላይ ታይተዋል።

4. ጥንቃቄ

የቃል ሥር መሪ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። በሁለት ነገሮች እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ የሚመሳሰሉ ቃላት ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። ፔዳጎጂ የሚለው ቃል በግሪክ ልጅ ከሚለው፣ የብስክሌት ፔዳል ግን በላቲን እግር ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ቃል በዘመናት ውስጥ ይለወጣል። ዲያቆን በሥሩ አገልጋይ ማለት ቢሆንም፣ የሚያገለግል ሁሉ ግን ዲያቆን አይባልም፤ ዲያቆን ምሥጢረ ክህነትን የተቀበለ ነው። ስለሆነም የሥሩን ፍቺ ካወቅን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ዛሬ በምን አሳብ እንደምትጠቀምበት መጠየቅ ይገባናል።

5. ካቶሊክ የሚለው ቃል

ካቶሊክ የመጣው «ካታ» እና «ሆሎስ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው፤ «ሆሎስ» ሙሉ ወይም መላ ማለት ነው። የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት ቤተ ክርስቲያንን በዚህ ስም ጠርቷታል። ልጆቻችን ግን ይህን ስም ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ከሌላው መለያ ምልክት ሆኖ ነው፤ «እኛ እነዚህ ነን፣ እናንተ እነዚያ ናችሁ» እንደ ማለት። የቃሉ ሥር ግን ተቃራኒውን ይናገራል። መላውን የሚያቅፍ እንጂ አንዱን ወገን ከሌላው የሚለይ አጥር አይደለም። በወንድማማች ሕዝቦች መካከል በተደጋጋሚ በደረሱ ግጭቶች በቆሰለው ክልላችን፣ ይህን አንድ ቃል በትክክል የተረዳ ወጣት፣ ካቶሊክ ነኝ እያለ ጎረቤቱን በቋንቋው ምክንያት ሊጠላ እንደማይገባ ከስሙ ይማራል።

6. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምር?

ሀ. በሳምንት ከአንድ ሥር አይብለጥ። ብዙ ሥር በአንድ ቀን ማስተማር ወደ ሽምደዳ ይመልሰናል።

ለ. ተማሪው ከሚያውቀው ቃል ተነሡ። ቴሌፎንን ከያዙ በኋላ ወደ ቴሌስኮፕ፣ ከዚያም ወደ ኤጲስ ቆጶስ መሄድ ይቻላል።

ሐ. ተማሪው ፍቺውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይንገራችሁ። በአኙዋክኛ ወይም በኑዌርኛ የሚስማማ ቃል ከሌለ በአረፍተ ነገር ያብራራው፤ ቤት ሄዶም ሽማግሌዎችን ይጠይቅ።

መ. እያንዳንዱ ተማሪ የሥር ደብተር ይኑረው። በአንድ ገጽ ላይ ሥሩን፣ ከሥሩም ቅርንጫፎቹን ይጻፍ፤ አዲስ ቃል ባገኘ ቁጥር ይጨምርበት።

ሠ. በመጨረሻ ቃሉን በጸሎት ወይም በንባብ ውስጥ መልሰው ይፈልጉት።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. «ጌ» ምድር፣ «ግራፌይን» መጻፍ፣ «ፎስ» ብርሃን ማለት ከሆነ፣ ጂኦግራፊና ፎቶግራፍ ምን ማለት ናቸው?

ለ. «ቴዎስ» እግዚአብሔር ማለት ነው። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈለት ቴዎፍሎስ የስሙ ፍቺ ምንድር ነው?

ሐ. «ቀደሰ» ከሚለው ግስ የሚወጡ አምስት ቃላትን ጻፉ።

ካቴኪስት የሚለው ስማችሁ ራሱ ድምፅን ማሰማት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ የገደል ማሚቶ ኤኮ መባሉም ከዚያው ወገን ነው። ቅዱስ ሉቃስም በወንጌሉ መግቢያ ቴዎፍሎስ ስለ ተማረው ነገር ሲናገር በዚሁ ቃል ተጠቅሟል። ካቴኪስት የክርስቶስ ድምፅ በሰዎች ልብ እንዲያስተጋባ ያደርጋል። የገደል ማሚቶ ግን ቃሉን ሳያስተውል ይመልሳል፤ ተማሪዎቻችን እንዲህ እንዳይሆኑ መትጋት የእኛ ኃላፊነት ነው። ፊልጶስን ወደ ሠረገላው የላከ መንፈስ ቅዱስ ለመምህራን ትዕግሥትን፣ ለተማሪዎችም ማስተዋልን ይስጥልን። አሜን።