የተራራ ቢስክሌት ውድድርና የሁለት ደቂቃ ሕግ

በደቡብ አፍሪካ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ኬፕ ኤፒክ የሚባለው የተራራ ቢስክሌት ውድድር 8 ቀን ይፈጃል። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይነዳሉ፤ ጓደኛሞቹ ከ2 ደቂቃ በላይ ቢራራቁ ይቀጣሉ። ስለዚህ ብርቱው ደካማውን መጠበቅ ግዴታው ነው።

ዳገቱ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ሰው የሚጥለው ግን ቁልቁለቱ ነው። የፊቱን ፍሬን ብቻ አጥብቆ የያዘ እንደ ሆነ፣ ጎማው ሲቆም የነጂው ሰውነት አይቆምምና በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። (በፊዚክስ የተማርነው ይኸው ነው።) ስለዚህ ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያደረገ ይይዛል።

ይህን እኔ አውቅ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን አያውቅም ነበር። አምና ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ስንወርድ ሳልነግረው ቀደምሁት። ዞሬ ባይ የለም። ስመለስ ክንዱ ተሰብሮ ከመንገድ ዳር ተቀምጧል።

«ምነው ቆየህ?» አለኝ።