መዛኙ የሚያየው እጃችሁን ነው

ከሆለታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ ተነስተው ለኮምፒውተር ጥገና የሙያ ብቃት ምዘና የሚቀርቡ ወጣቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሠለጠኑ ናቸው፤ ሞጁሉን አንብበዋል፣ የራምንና የሮምን ልዩነት ይናገራሉ፣ ነገር ግን የተከፈተ ኮምፒውተር ያዩት ብዙውን ጊዜ በክፍል ጓደኞቻቸው ትከሻ ላይ አሻግረው ነው። ሌሎቹ ከጥገና ቤት የወጡ ናቸው፤ ላፕቶፕ ፈትተው ይገጥማሉ፣ የሞተ ማሽን ያስነሳሉ፣ ነገር ግን «ይህን ለምን አደረግህ?» ሲባሉ ቃል ያጥራቸዋል። በምዘናው ቀን ሁለቱም ይቸገራሉ፤ የሚቸገሩበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ዝግጅታችሁ የሚጀምረው ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ለራሳችሁ እውነቱን ከመናገር ነው። ኮሌጅ የተማረ ሰው የቀረውን ጊዜ ለእጁ ይስጥ፤ ጥገና ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ለደብተሩ። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ስለሚቀላቸው የሚያውቁትን ደግመው ደግመው ያጠናሉ።

በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው ምዘና በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ከዘረጋው ሥርዓት የመጣ ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለሠራተኛ ሰው ትልቁ ቁም ነገር የሚጠየቀው ሙያው የት እንደተገኘ ሳይሆን መኖሩ ነው። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት ያለ ማስረጃ የሚሠሩ ጎበዝ ጠጋኞች በየከተማው አሉ። ከእነሱ አንዱ ከሆናችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄዳችሁ ምዝገባው መቼ እንደሆነና ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ ዛሬውኑ ጠይቁ። ሆለታ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉም፣ የአበባ እርሻዎቹም፣ ባንኮቹና ትምህርት ቤቶቹም ኮምፒውተር የሚጠግንላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቋሚ ቅጥር ሲመጣ ግን ወረቀቱ ይጠየቃል።

ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት እጃችሁ ሊገባ የሚገባው ሰነድ የምትመዘኑበት የሙያ ስታንዳርድ ነው። ሰነዱ ሙያውን በብቃት አሃዶች ይከፍለዋል፤ የውስጥ አካላትን መግጠም፣ ስርዓተ ክወና መጫን፣ ኔትወርክ ማገናኘት፣ ከቫይረስ መጠበቅ እያለ። በእያንዳንዱ አሃድ ሥር የአፈጻጸም መስፈርቶች ተዘርዝረዋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ተመዛኙ ምን ማወቅና ምን ሠርቶ ማሳየት እንዳለበት፣ በጽሑፍ ይሁን በቃል ወይም በተግባር እንደሚመዘን ተጽፏል። መዛኙ የሚይዘው መስፈርት የሚወጣው ከዚህ ሰነድ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መስፈርት «ይህን ሰው ፊት ቆሜ መሥራት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ያላችሁትን እለፉት። አይ ያላችሁት የጥናታችሁ ዝርዝር ነው። የሙያዎቹ ስምና ይዘት በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ታላቅ ወንድማችሁ የተመዘነበትን ሳይሆን እናንተ የምትመዘኑበትን ሰነድ ያዙ።

አሁን ወደ ተግባሩ። ኬብል መግጠምን ቀላል አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን የአንድን ሰው ሥራ የምገምተው ከኬብሉ ነው። በስፋት የምንጠቀምበት ቲ568ቢ የሚባለው አደራደር ነው፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ለምን ተለያይቶ 3ኛና 6ኛ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በኔትወርክ ካርዱ ላይ 3 እና 6 አብረው አንድ ምልክት የሚሸከሙ ፒኖች ስለሆኑ ነው። ጥንዱ እርስ በርሱ የተጠማዘዘው የውጭ የኤሌክትሪክ ረብሻን እንዲያጣፋ ነው። ቀለማቱን በራሱ አሳማምሮ፣ ጥንድ ከጥንድ አጠገብ የደረደረ ሰው ኬብሉን ሲፈትሽ፣ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ርካሹ ቴስተር ላይ ስምንቱም መብራቶች በተራ ይበራሉ። ሥራ ላይ ሲውል ግን ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። መብራቱን አይቶ «ሠርቷል» የሚል ሰውና ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሌላው የተለመደ ጉድለት የኬብሉ የውጭ ሽፋን ከኮኔክተሩ ውጭ መቅረቱ ነው። ክሪምፐሩ መንከስ ያለበት ሽፋኑን ጭምር ነው፤ አለዚያ ሰው ሲጎትተው ሽቦው ይወልቃል። አንድ ኬብል ከ100 ሜትር እንደማይበልጥም አትርሱ።

ስርዓተ ክወና መጫን ላይ የጥገና ቤት ልጆች ይፈጥናሉ፤ ፍጥነታቸው ግን አንድ ክፉ ልማድ ይዞ ይመጣል። የማንኛውም በሽታ መድኃኒት ፎርማት ይሆናል። በምዘና ላይም ሆነ በሥራ ላይ ከፎርማት በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ የባለቤቱ ፋይል የት ነው? የዓመት ሒሳብ፣ የተማሪ ውጤት፣ የሟች ዘመድ ፎቶ በአንድ ክሊክ ይጠፋል። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ውሰዱ። ቀጥሎ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ባዮስ ውስጥ አስተካክሉ፣ ዲስኩን ክፈሉ፣ ጫኑ፣ ድራይቨሮቹን አሟሉ፣ ጸረ ቫይረስ አስገቡ፣ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱ፣ በመጨረሻም ድምፁን፣ ኔትወርኩንና ፕሪንተሩን ሞክሩ። ኤምቢአር የተባለው የዲስክ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት በላይ እንደማይሄድ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ጂፒቲ እንደሚያስፈልግ እወቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ በየቢሮው ያሉ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። ደንበኛ ለምን አልጫንክልኝም ሲላችሁ ምክንያቱን ማስረዳት የሙያው አካል ነው።

ብልሽት ፍለጋ ላይ መዛኙ መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዳችሁንም ይከታተላል። መንገዱ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው፤ ችግሩን ጠይቆ መለየት፣ መንስኤውን መገመት፣ ግምቱን መፈተን፣ መፍትሔውን አቅዶ መሥራት፣ ሁሉም ነገር መሥራቱን ማረጋገጥ፣ የተሠራውን መጻፍ። አንድ የቀበሌ ቢሮ ኮምፒውተር ኢንተርኔት እምቢ አለ እንበል። መጀመሪያ የኬብሉ መሰኪያ ላይ መብራቱ በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ቀጥሎ በኮማንድ መስኮቱ አይፒኮንፊግ ብላችሁ አድራሻውን እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ሰርቨር አላገኘም ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከኬብሉ፣ ከስዊቹ ወይም ከራውተሩ ይፈለጋል። አድራሻው ትክክል ከሆነ ራውተሩን ፒንግ አድርጉ፣ ከዚያ ውጭ ያለ አድራሻን። በቁጥር መልስ ሰጥቶ በስም ካልከፈተ ችግሩ ዲኤንኤስ ላይ ነው። በየእርምጃው የምታደርጉትን በቃል ተናገሩ፤ ዝም ብሎ የሚሠራ ተመዛኝ ትክክል ቢሆንም መዛኙ ምን እንዳሰበ ማወቅ አይችልም። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት።

በደህንነት ጉዳይ አልለሳለስም። ግድግዳችን ላይ ያለው 220 ቮልት ነው። ኬዝ ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ የጸረ ስታቲክ አምባር ካለ እሰሩ፣ ከሌለ የኬዙን ብረት ንኩ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትክፈቱ፤ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

መለማመጃውስ ከየት ይመጣል? ሦስት አራት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጡና ያገለገለ ዴስክቶፕ ግዙ። ላፕቶፕ አይሁን፤ ዴስክቶፕ ደጋግሞ መፈታትን ይችላል፣ ክፍሎቹም ለየብቻ ይታያሉ። ተራ በተራ አንዳችሁ ያበላሽ፤ የራሙን ካርድ ላላ ያድርግ፣ የሃርድ ዲስኩን ገመድ ይንቀል፣ ሌላው ሳያይ ይሁን። የቀረው ፈልጎ ያግኝ፣ አንዱ እንደ መዛኝ ይጻፍ። ለኔትወርክ የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል፤ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚም ስለ ኮምፒውተር ሃርድዌር መሠረታዊ የሆነ ነፃ ትምህርት አለው። ዳታ ውድ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ አውርዳችሁ ያዙ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቃል ልምምዱ ሰዓት ነው። የሙያው ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው፤ ማብራሪያውን ግን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩት። በራሳችሁ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻላችሁትን ነገር ገና አላወቃችሁትም።

የጽሑፉ ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም። የወደብ ቁጥሮችን፣ የቮልቴጅ መጠኖችን፣ የአይፒ ክፍሎችን በካርድ ጽፋችሁ ያዙ። ካይዘንን አትናቁ፤ የሥራ ቦታን ማጽዳትና ማደራጀት ራሱን ችሎ ይጠየቃል፣ በተግባሩ ላይም ጠረጴዛችሁ ይታያል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን «የወጡ ጥያቄዎች» ግን ገንዘብ ከፍላችሁ አትግዙ። መልሳቸው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ትክክል ቢሆን እንኳ ክሪምፐር አያስይዛችሁም።

በዕለቱ መታወቂያችሁንና የምዝገባ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በጊዜ ድረሱ፤ የአምቦ መንገድ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚጨናነቅ የአሸዋ ሜዳን መስመር የሚያውቅ ያውቀዋል። የሥራ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከመጀመራችሁ በፊት መሣሪያዎቹን ፈትሹ፤ የተበላሸ ካለ ያኔውኑ ለመዛኙ ተናገሩ፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ማንም አይሰማችሁም። «ገና ብቁ አይደለህም» የሚል ውጤት ከመጣ የትኛው አሃድ ላይ እንደወደቃችሁ ጠይቁና በዚያ ላይ ሠርታችሁ እንደገና ተመዘኑ።

ከዚህ አልፎ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስን የሚያስቡ አሉ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የጀማሪ ቴክኒሻን ፈተና ነው። ሁለት ወረቀት አለው፤ እያንዳንዱ በ90 ደቂቃ ቢበዛ 90 ጥያቄ ይይዛል፤ ከ900 ለአንደኛው 675፣ ለሁለተኛው 700 ይጠይቃል። ምስክር ወረቀቱ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ለእያንዳንዱ ወረቀት በዶላር ስለሚከፈል፣ እዚሁ አገር ሥራ ለሚፈልግ ጀማሪ ሲኦሲን አስቀድሙ እላለሁ። የኤ ፕላስ የፈተና ዝርዝር ግን በነፃ ይወርዳል፤ ለሲኦሲ ስትዘጋጁም ጥሩ የጥናት መመሪያ ይሆናችኋል።

በሆለታና በዙሪያዋ ጥገና ቤት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የተቃጠለ ማዘርቦርድ፣ የሞተ ፓወር ሰፕላይ፣ አጭር የኬብል ቁራጭ አትጣሉ፤ ለምዘና ለሚዘጋጁት ስጧቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ወንበራችሁ አጠገብ አስቀምጧቸው፣ ስትሠሩ ይዩ።