ስኳር ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ማን አለው?



በቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ የ9 ዓመት ልጅ ራሷን ስታ መጣች። ታቅፎ ያመጣት የትምህርት ቤቷ ጥበቃ ነው። ዩኒፎርሟ በላብ ርሷል። ጣቷን ወግተን ስኳሯን ስንለካ 38 ሆኖ አገኘነው። ወዲያው ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጠናት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና "ፈተናው አለቀ እንዴ?" ብላ ጠየቀችን።

እናቷ እየሮጡ ሲደርሱ ነገሩ ገባን። ልጅቷ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። የዛን ቀን ጠዋት ተወግታ ቁርሷን በደንብ ሳትበላ ነው የወጣችው። እናቷ ሕመሟን በምዝገባ ቀን ለቢሮ ተናግረዋል፤ የክፍሏ መምህርት ጋ ግን አልደረሰም። ፈተና ላይ ዴስኩ ላይ ስትደፋ እንቅልፍ መስሏቸው ተቆጧት። ከረሜላ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ ፈርታ አላወጣችውም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የጎደለው ልጅቷን በቅርብ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። "ትምህርት ቤቱ ያውቃል" ማለት አይበቃም፤ የሁሉም የተባለ ኃላፊነት የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ስኳር ሲወርድ ምን ይታያል?

አእምሯችን በዋናነት የሚሠራው በግሉኮስ ነው። ኢንሱሊን የወሰደ ልጅ ምግብ ከዘለለ ወይም ብዙ ከሮጠ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ያልበው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ይነጫነጫል፣ ይፈዛል። ለማያውቅ መምህር ይሄ ስንፍና ወይም ረብሻ ይመስላል። ዝም ከተባለ ግን ልጁ ራሱን ሊስት፣ አልፎም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል።

ወላጆች፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር እነዚህን ተስማሙ፦

1. ለልጁ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ ነርስ ካለች ነርሷ፣ ከሌለች የክፍሉ መምህር። ያ ሰው በሚቀርበት ቀን ማን እንደሚተካውም ይታወቅ።

2. ምልክቶቹን፣ የሚደረገውን እና ስልካችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። መምህር በተቀየረ ቁጥር እንደገና አስረዱ።

3. ጣፋጩና የስኳር መለኪያው ልጁ አጠገብ ይሁን እንጂ ቢሮ ውስጥ አይቆለፍበት። ፈተና ላይም ቢሆን መብላት፣ ውሃ መጠጣትና ሽንት ቤት መሄድ ይፈቀድለት።

4. ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በፊት ስኳሩ ይለካ።

የተመደበው ሰው ምን ያድርግ?

ልጁ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካው፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገምለት። ሲስተካከል መክሰሱን ያብላው። መለኪያ አጠገቡ ከሌለ ምልክቱን እንዳየ ስኳሩን ይስጠው እንጂ አይጠብቅ። ልጁን ብቻውን ወደ ቢሮ አይላከው፤ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ልጁ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ያንቀዋል። ኢንሱሊንም በፍጹም አይወጋው። በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ (907) ይጥራ ወይም ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ያድርሰው።

የሚጥል በሽታ ወይም አስም ላለበት ልጅ ሕክምናው ይለያያል፤ በስም የተመደበ፣ የሚያውቀው ሰው ማስፈለጉ ግን ያው ነው። አካል ጉዳት ኖሮበት ረዳት መምህር ለተመደበለት ልጅም እንዲሁ። ዓላማው ልጁ ከጓደኞቹ ሳይነጠል እንዲማር፣ ቀስ በቀስም ራሱን እንዲችል ነው።

ልጅቷ ለክትትል ስትመጣ ትምህርት እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። "አሁን ሚስ ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች" አለችኝ። ከረሜላዋንም ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ።

ይህን ጽሑፍ ለልጃችሁ መምህር ላኩላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።